ሁለት ድምፆች በአንድ ስታፍ፦ ኖታ ለኖታ ቦታ ሲለቅ



ዛሬ ጊዜያችሁን የምወስደው ስለ አንዲት ትንሽ ርቀት ለመናገር ነው። ስፋቷ የአንድ ኖታ ራስ ያህል ነው፤ በታተመ ገጽ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ። ሶፕራኖና አልቶ በአንድ ስታፍ አብረው ሲጻፉ ዜማቸው ይቀራረባል፣ ይገናኛል፣ አንዳንዴም አንዱ በሌላው ላይ ያልፋል። በተገናኙበት ቦታ ሁለት ኖታዎች አንድ መቀመጫ ይሻማሉ። ያኔ አንደኛው በዚያች ርቀት ፈቀቅ ይላል። የትኛው ፈቀቅ ይበል? ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ? ፈቀቅ ማለቱ ቀርቶ ሁለቱ አንድ ራስ የሚጋሩትስ መቼ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ሥርዓት በኖታ ቀራጮች እጅ ለረጅም ዘመን ሲጣራ ኖሯል። ዛሬ ሥርዓቱን የሚያስፈጽመው ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ግን ይህን ሥራ በደንብ የሚሠራው እያንዳንዱን ድምፅ ለይተን ስንነግረው ብቻ ነው፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በዚህ ላይ ያርፋል። ድምፁን ሳንለይ ኖታውን በማውዝ እየጎተትን ቦታ ካስያዝነው፣ ለዓይን የተስተካከለ የሚመስል፣ ዘማሪን ግን የሚያሳስት ገጽ እናወጣለን።

ከመሠረቱ እንነሣ። በኖታ ገጽ ላይ ከታች ወደ ላይ የቃናው ከፍታ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜው ነው። በአንድ ቀጥታ ላይና ታች የተሰለፉ ኖታዎች አብረው ይሰማሉ። ፒያኖ ተጫዋች ሁለት ስታፍ በአንድ እይታ ማንበብ የሚችለው ይህ ውል የጸና ስለሆነ ነው። ሁለት ድምፆች በአንድ ስታፍ ሲጋጩ ግን ውሉ ትንሽ ይጣሳል፤ አብሮ የሚሰማ ኖታ ከጓደኛው ወደ ጎን ይርቃል። ስለዚህ አንድ ኖታ በቀኝ በኩል ተቀምጦ ስናይ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ወይ ዘግይቶ ይሰማል፣ ወይ ለሌላ ቦታ ለቅቋል። አንባቢው ሁለቱን በቅጽበት መለየት አለበት።

ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1801 የጻፈውን፣ «የጨረቃ ብርሃን» እየተባለ የሚጠራውን ሶናታ የመጀመሪያ ክፍል ታውቁታላችሁ። ቀኝ እጅ ሦስት ሦስት ሆነው የሚፈስሱ ኖታዎችን እየተጫወተ ከላይ ዜማውን ይይዛል። ዜማው ነጥብ ያለው ስምንተኛ ኖታና አሥራ ስድስተኛ ኖታ ሲያመጣ፣ አሥራ ስድስተኛው ከሦስቱ የመጨረሻው ኖታ በጣም ጥቂት ይዘገያል፤ በወረቀት ላይ ስናሰላው የሩብ ኖታ አሥራ ሁለተኛ እጅ ነው። ቀራጩ ያንን ኖታ በትንሹ ወደ ቀኝ ያስቀምጠዋል። እዚህ ላይ ፈቀቅ ማለቱ ጊዜን ያመለክታል። በሌላ ባር ላይ በዚያው መጠን ቦታ ለመልቀቅ ብቻ የተገፋ ኖታ ቢኖር ተጫዋቹ በምን ይለየዋል? መልሱ ያለው ከኖታው ራስ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በሚወጡት መስመሮች፣ በዘንጎቹ ላይ ነው።

በአንድ ስታፍ ሁለት ድምፅ ሲኖር የላይኛው ድምፅ ዘንጎች ሁሉ ወደ ላይ ይቆማሉ፤ የታችኛው ድምፅ ዘንጎች ሁሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ኖታው ከመካከለኛው መስመር በላይ ይሁን በታች ለውጥ የለውም። ወደ ላይ የሚቆመው ዘንግ ከኖታው ራስ በቀኝ ጎን ይነሣል፤ ወደ ታች የሚወርደው ከኖታው ራስ በግራ ጎን ይወርዳል። አሁን ሶፕራኖ «ዶ»፣ አልቶ ከሥሯ ያለውን «ሲ» በአንድ ምት ይዘምሩ እንበል። ራሶቹ ጎረቤት ስለሆኑ በአንድ ቀጥታ ቢቀመጡ ይደራረባሉ። ሕጉ የሶፕራኖውን በግራ፣ የአልቶውን በቀኝ ያደርጋል። እንዲህ ሲሆን የሶፕራኖው ዘንግ ከመካከል ወደ ላይ፣ የአልቶው ዘንግ ከዚያው ከመካከል ወደ ታች ይሄዳል፤ ሁለቱ ዘንጎች አንድ ቀጥታ ላይ ይውላሉ። ዓይን ያንን አንድ ቀጥታ ሲያይ አብረው የሚሰሙ መሆናቸውን ይረዳል። ራሶቹ ቢራራቁም ጊዜው አልተለያየም።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። እነዚያው «ሲ» እና «ዶ» የአንድ ድምፅ ኮርድ ቢሆኑ ኖሮ አቀማመጣቸው ይገለበጣል። በኮርድ ውስጥ የታችኛው ኖታ በግራ፣ የላይኛው በቀኝ ሆነው በመካከላቸው አንድ ዘንግ ይጋራሉ። ቃናው ያው፣ ጊዜው ያው ነው፤ የተለወጠው ግራና ቀኙ ብቻ ነው። በዚያ ለውጥ ብቻ ገጹ «አንድ ሰው ሁለቱን ይጫወታል» ከማለት «ሁለት ሰዎች አንዳንድ ይዘምራሉ» ወደ ማለት ይሸጋገራል። የእኔን ልብ የወሰደው ይህ ነው። ምንም ተጨማሪ ምልክት ሳይጻፍ፣ ምንም ቃል ሳይጨመር፣ የሁለት ሚሊሜትር ግራና ቀኝ የድምፆቹን ባለቤት ይናገራል።

ድምፆቹ ሲተላለፉ፣ ማለትም አልቶ ከሶፕራኖ በላይ ስትወጣ፣ ሕጉ ራሱን ያስተካክላል። አሁን ዘንጉ ወደ ላይ የሆነው የሶፕራኖው ኖታ ከታች ነው። እርሱን በግራ ብንተወው ከአልቶው ራስ ጋር ተጣብቆ ልክ እንደ ኮርድ ይነበባል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የአልቶው በግራ ይቀራል። ዘንጎቹ በውጭ በውጭ ይቆማሉ፣ አንዱ የሌላውን ራስ አይቆርጥም። ሶፕራኖዋ መሥመሯን ሳታጣ ታልፋለች።

ሁለቱ በአንድ ቃና ሲገናኙስ? ሁለቱም ሩብ ኖታ ከሆኑ አንድ ራስ ይበቃል፤ አንድ ዘንግ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች። ሩብና ስምንተኛም ራሳቸው ጥቁር ስለሆነ ይጋራሉ። ሁለቱም ሙሉ ኖታ ከሆኑ ግን ዘንግ የላቸውምና አንድ ራስ ቢጋሩ አንደኛው ድምፅ የጠፋ ይመስላል፤ ስለዚህ ሁለት ሙሉ ኖታዎች ጎን ለጎን ይጻፋሉ። አስቸጋሪው ግማሽ ኖታና ሩብ ኖታ ሲገናኙ ነው። የአንዱ ራስ ባዶ፣ የሌላው ሙሉ ጥቁር ነው። ባዶውን ቢጋሩ ሩቡ ግማሽ ይመስላል፤ ጥቁሩን ቢጋሩ ግማሹ ሩብ ይመስላል። ሁለት ራስ ያስፈልጋል።

ነጥብ ሲጨመር ጉዳዩ የበለጠ ይረቅቃል፤ ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። መስመር ላይ የተቀመጠ ኖታ ነጥቡ በመስመሩ ላይ አይጻፍም፤ ወደ ክፍተት ይገፋል። አንድ ድምፅ ብቻ ሲኖር ወደ ላይኛው ክፍተት ነው። ሁለት ድምፅ ሲኖር የታችኛው ድምፅ ነጥብ ወደ ታችኛው ክፍተት ይወርዳል። ምክንያቱን በምሳሌያችን እዩት። በትሬብል ክሌፍ «ዶ» ክፍተት ላይ፣ «ሲ» መካከለኛው መስመር ላይ ናቸው። ሁለቱም ነጥብ ቢኖራቸውና የ«ሲ» ነጥብ ወደ ላይ ቢገፋ፣ ሁለቱ ነጥቦች በአንድ ክፍተት ይገጥማሉ። አንድ ነጥብ ብቻ ይታያል፤ የማን እንደሆነም አይታወቅም። ወደ ታች ሲወርድ ግን ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ነጥብ ይቀርለታል።

እነዚህ ሕጎች ከባዶ የመጡ አይደሉም። ኦታቪያኖ ፔትሩቺ እ.ኤ.አ. በ1501 ቬኒስ ውስጥ የመጀመሪያውን የብዙ ድምፅ ኖታ መጽሐፍ በማተሚያ ፊደል ሲያትም፣ በተከፈቱት ሁለት ገጾች ላይ ለእያንዳንዱ ድምፅ የተለየ ቦታ ሰጠው። ድምፆቹ አንድ ስታፍ አይጋሩምና ግጭት አልነበረም። ግጭቱን ያመጣው አንድ ሰው ብዙ ድምፅ እንዲጫወት የተጻፈው ሙዚቃ ነው። ባኽ እ.ኤ.አ. በ1720 በእጁ በገለበጣቸው የብቸኛ ቫዮሊን ሥራዎች ውስጥ ፉጋ አለ፤ በአንዲት ስታፍ ላይ ድምፆች እየገቡ እየወጡ፣ ዘንጎቻቸው ወደ ላይና ወደ ታች እየተከፈሉ ይታያሉ። ማተሚያ ቤቶች ይህን ዓይነት ገጽ በሚገጣጠም ፊደል ለማውጣት ብዙ ተቸግረዋል፤ ብራይትኮፕፍ በ1750ዎቹ ላይፕሲግ ውስጥ ፊደሉን ወደ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ከፍሎ ነበር መፍትሔ የፈለገው። በመጨረሻ ያሸነፈው በቆርቆሮ ቅይጥ ሰሌዳ ላይ የኖታውን ራስ በብረት ማኅተም እየመቱ፣ ዘንጉን በስለት እየጫሩ፣ ሁሉንም በመስታወት ግልባጭ መሥራት ነው። ቀራጩ መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት የትኛው ኖታ ፈቀቅ እንደሚል መወሰን ነበረበት። ሰሌዳ ላይ የተመታን ራስ መልሶ ማንሣት አድካሚ ነውና።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ሊላንድ ስሚዝ በስታንፎርድ የሠራው ስኮር፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ፊናሌ፣ በ1993 የተለቀቀው የፊን ወንድማማቾች ሲቤሊየስ፣ በ2016 የተከተለው ዶሪኮ፣ ብዙዎቻችሁ በነጻ የምትጠቀሙበት ሙዝስኮር፤ ሁሉም የድምፅን ግጭት በየራሳቸው መንገድ ለመፍታት ሞክረዋል። እኔ በዝርዝር የምነግራችሁ ስለ ሊሊፖንድ ነው፤ አሠራሩን ሳይሸሽግ የሚያሳይ ስለሆነ።

ሊሊፖንድን እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩት ሃን-ወን ኒንሃይስና ያን ኒውወንሃይዘን የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን ሙዚቀኞች ናቸው። የኮምፒውተር ኖታ ሕይወት የለውም ብለው አዘኑ፤ በእጅ የተቀረጹ የቆዩ እትሞችን እያጠኑ፣ ለምሳሌ ቤሬንራይተር በ1950 ያሳተመውን የባኽ የቼሎ ስዊቶች ከሶፍትዌራቸው ውጤት ጋር እያስተያዩ፣ የቀራጮቹን ልማድ ወደ ሕግ ለወጡት። በሊሊፖንድ ማውዝ ይዞ ኖታ መጎተት ዋናው መንገድ አይደለም። ሙዚቃው በጽሑፍ ይገባል፤ ጸሐፊው ይህ አንደኛ ድምፅ፣ ያ ሁለተኛ ድምፅ ብሎ ያውጃል። ሶፍትዌሩ በአንድ ቅጽበት ላይ የሚወድቁትን ኖታዎች ከየድምፁ ይሰበስባል። የዘንጋቸውን አቅጣጫ፣ የቃናቸውን ርቀት፣ የራሳቸውን ዓይነት፣ ነጥብ ያላቸውና የሌላቸው መሆኑን ይመለከታል። ከዚያ ማን እንደሚገፋና በምን ያህል እንደሚገፋ ይወስናል። የግፊቱ መለኪያ ራሱ የኖታ ራስ ስፋት ነው።

ስለ ራስ መጋራት ያለው ጥንቃቄ ደስ ይለኛል። ግማሽ ኖታና ስምንተኛ ኖታ በአንድ ቃና ሲገናኙ፣ ጸሐፊው ከፈቀደ አንድ ራስ እንዲጋሩ ያደርጋል። ስምንተኛው በዘንጉ ጫፍ ባለው ምልክት ይታወቃልና አንባቢ አይሳሳትም። ግማሽና ሩብ ሲሆኑ ግን ፈቃድ ቢሰጠውም አያዋሕዳቸውም፤ ምክንያቱን ቀደም ብለን አይተነዋል። የሁለት መቶ ዓመት የቀራጭ ጥንቃቄ በኮድ ውስጥ ተቀምጧል።

ሦስትና አራት ድምፅ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ሊሊፖንድ አንደኛና ሦስተኛ ድምፅን ዘንጋቸውን ወደ ላይ፣ ሁለተኛና አራተኛን ወደ ታች ያደርጋል። ሙዝስኮርና ሲቤሊየስም አራት ድምፅ በየስታፉ ሲሰጡ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱንም በተለየ ቀለም ያሳዩታል። አንደኛና ሦስተኛ ዘንጋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ከአሁን በኋላ አቅጣጫ ብቻውን አይለያቸውም። ሦስተኛው ወደ ጎን ሊገፋ ይገባል፤ ሊሊፖንድ ለዚህ ደረጃ በደረጃ የሚጨምሩ የመግፊያ ትእዛዞች አሉት። ባኽ በ1722 የሰበሰበው «ዌል ቴምፐርድ ክላቪየር» የመጀመሪያ መጽሐፍ 24 ፉጋዎች አሉት። ከእነርሱ ሁለቱ፣ የዶ ሻርፕ ማይነሩና የሲ ፍላት ማይነሩ፣ አምስት ድምፅ ናቸው። አምስት ድምፅ በሁለት ስታፍ ሲጻፍ ሁሉም በሚሰማበት ቦታ አንዱ ስታፍ የግድ ሦስት ይሸከማል። ጸሐፊው ድምፆቹን ሳይለይ ካስገባ ሊሊፖንድ ብዙ ኖታዎች ተጋጭተውብኛል ብሎ ያስጠነቅቃል፤ የድምፅ ወይም የመግፊያ ትእዛዝ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ገምቶ ከማስቀመጥ መጠየቁን መርጧል። እኔም ምርጫው ትክክል ነው እላለሁ። ሦስት ድምፅ በተጨናነቀበት ቦታ የትኛው ዜማ ጎልቶ እንዲነበብ የሚፈልገው ሰውየው ነው፤ ያንን ፍላጎት ማሽን ከኖታው ብቻ ሊያውቀው አይችልም።

ወደ እኛ ልምምድ ልምጣ። ከየመዘምራኑ እጄ የሚገቡ ገጾች ብዙዎቹ አንድ ጠባይ አላቸው። ሶፕራኖና አልቶ እንደ ኮርድ በአንድ ድምፅ ተጽፈዋል፤ አንድ ዘንግ ሁለቱን አስሯል። ሁለቱ እኩል እስከሄዱ ድረስ ችግሩ አይታይም። ሶፕራኖ ግማሽ ኖታ ይዛ አልቶ በሩብ ስትንቀሳቀስ ግን ኮርዱ አይችልም። ጸሐፊው ያኔ ኖታ ይቆርጣል፣ በታይ ያያይዛል፣ ያልተስማማውን በማውዝ ይጎትታል፣ ትርፍ ዕረፍቱን ይደብቃል። በወረቀት ላይ የሚወጣው ገጽ ደህና ይመስላል። አልቶዋ ግን ያንን ታይ አይታ ልያዝ ወይስ ልንቀሳቀስ ብላ በልምምድ ላይ ትቆማለች። እርሷ ኖታ ማንበብ አልቻለችም ይባላል። ማንበብ ግን ችላለች፤ ገጹ ነው የዋሻት።

በእጅ የተጎተተ ኖታ ሌላም ጉዳት አለው። ነገ ዜማውን ብታሻሽሉ፣ ግጭቱ ቢጠፋም ኖታው በተጎተተበት ይቀራል። የአልቶውን መሥመር ለብቻው አውጥታችሁ ማተም ብትፈልጉ፣ ሶፍትዌሩ አልቶ የሚባል ነገር አያውቅም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የፊናሌ ባለቤት ከ35 ዓመት በኋላ ሥራውን ማቆሙን ሲያስታውቅ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች የዓመታት ኖታቸውን ሙዚክኤክስኤምኤል በተባለው የኖታ መለዋወጫ ፎርማት በኩል ወደ ሌላ ሶፍትዌር ማሻገር ግድ ሆነባቸው። በየድምፁ ተለይቶ የገባ ኖታ ድንበሩን ከነድምፁ ሊሻገር ይችላል። የማውዝ ጉተታ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሶፍትዌር ላይ ሲደርስ አይገኝም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ክርክር የዓይነ ስውራን ሙዚቀኞች ጉዳይ ነው። በብሬይል ኖታ ላይና ታች የሚታይ ስታፍ የለም፤ ግራና ቀኝ ፈቀቅ ማለትም የለም። በአንድ ባር ውስጥ ያሉ ሁለት ድምፆች አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ይጻፋሉ፣ አብረው የሚሰሙ መሆናቸውን የሚነግር ምልክት በመካከላቸው ይገባል። ስለዚህ ከታተመ ኖታ ወደ ብሬይል የሚለውጥ ሶፍትዌር መጀመሪያ የሚፈልገው ድምፆቹ ተለይተው እንዲሰጡት ነው። እኛ ኮርድ አድርገን ያሠርነውን እርሱ ሊፈታው አይችልም። ከመዘምራናችን መካከል ዓይነ ስውራን አሉ። ድምፁን በትክክል ያስገባ ጸሐፊ ለእነርሱም ጽፏል።

ስለ ግጥሙም አንድ ቃል። የአማርኛ መዝሙር ግጥም ከኖታ ሥር ሲደረደር በፊደል አይቆጠርም፤ «ሰላም» ሦስት ፊደል ቢሆንም በኖታ ላይ «ሰ» እና «ላም» ሆኖ ሁለት ቦታ ይይዛል። ግጥሙ ደግሞ ከአንድ ድምፅ ጋር መታሰር አለበት። በሊሊፖንድ ግጥሙን ከሶፕራኖ ጋር ብታስሩት የአልቶው ኖታ ለቦታ ሲል ወደ ቀኝ ቢገፋም ቃሉ አይከተለውም፤ ከሶፕራኖው ኖታ ሥር ይቀመጣል። አልቶ የተለየ አካሄድ ሲኖራት ለእርሷ ሌላ የግጥም መሥመር ይጨመራል።

አንድ ስታፍ መጋራት ሁልጊዜ ተገቢ ነው ማለቴ አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊቃውንቱ ከግእዙ ፊደል በላይ በሚያሰፍሩት ምልክት ሲጽፉት አንድ ዜማ ነውና ይህ ሁሉ ጥያቄ አይነሣም። በዶርዜ ሕዝብ መካከል ያለው ብዙ ድምፆች እየተቀባበሉና እየተደራረቡ የሚዘምሩበት ዜማ ግን በሌላው ጫፍ ነው። እርሱን በኖታ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ድምፆቹን በአንድ ስታፍ ቢያጨናንቅ ኖታዎቹ ከመገፋታቸው ብዛት የሚዜሙበት ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ለየድምፁ የየራሱን ስታፍ ይስጥ፤ ወረቀቱ ቢበዛም ይብዛ። ለአራት ድምፅ መዘምራንም ቢሆን ድምፆቹ በየባሩ የሚተላለፉ ከሆነ አራት ስታፍ ይሻላል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሙዝስኮርንም ሆነ ሌላውን ስትከፍቱ፣ የመጀመሪያውን ኖታ ከማስገባታችሁ በፊት ሶፕራኖው አንደኛ ድምፅ፣ አልቶው ሁለተኛ ድምፅ መሆኑን ለዩ፤ ቴነርና ባሱንም እንዲሁ። ግጭቱን ሶፍትዌሩ ይፍታ፤ እናንተ ጣልቃ የምትገቡት እርሱ ሲሳሳት ብቻ ይሁን። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ገጹን ከማባዛታችሁ በፊት መዝሙሩን ሰምታው ለማታውቅ አንዲት አልቶ ዘማሪ ስጧት፤ የራሷን ድምፅ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታንብብላችሁ። የቆመችበትን ባር አርሙ፣ ከዚያ አባዙት።